የቤንዚን ሌባ

ሌባ መባል ያናድዳል። ሌባ ተብሎ ይቅር መባል ግን ከዚያም የባሰ ነው። ታሪኩን ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራላችሁ እኔው ራሴ ልንገራችሁ፤ በሰፈሩ አንዴ ተወርቶ አልቋል፤ እኔ የማወራው እልሁ ስላልወጣልኝ ነው።

የሚስቴ አጎት ኮልፌ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጡ፣ ስማቸው የተጠራ ነጋዴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒክአፕ አለቻቸው፤ ሹፌሯ እኔ ነኝ። ከተራው አጠና እየጫንኩ ወደ ቀራንዮ፣ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ቤት ወደሚሠራበት ሰፈር ሁሉ አደርሳለሁ። ሥራውን ያገኘሁት በሚስቴ በኩል ስለሆነ ከጋሼ ጋር ብጣላ የምጣላው ከአሠሪዬ ጋር ብቻ አልነበረም።

ፒክአፗ ናፍጣ ሳይሆን ቤንዚን ነው የምትጠጣው፤ ያውም እንደ ድሮዎቹ በካርቡራተር ሳይሆን በኢንጀክሽን። ወደ ሞተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስን ትንሽ ኮምፒውተር አላት። አንድ ቀን የራዲያተር ቱቦ ፈንድቶባት ውኃ አፈላች። ጋሼ ወደሚያምኑት ጋራዥ ተጎትታ ገባች፤ ቱቦው ተቀይሮ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የሙቀቱ መርፌ ከታች ንቅንቅ አልል አለ። ዳገት ብትወጣ፣ ፀሐይ ላይ ብትቆም ሞተሯ አይሞቅም። እኔም ጋሼም ደስ አለን። ውኃ የማታፈላ መኪና ማን ይጠላል?

ብዙም ሳይቆይ ሌላ አመል አመጣች። መብራት ላይ አቁሜያት፣ እግሬ የነዳጅ መርገጫውን ሳይነካው ብቻዋን ትጮኻለች። ጩኸቷ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ልትጠፋ ምንም እስኪቀራት ይወርዳል፤ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። አጠገቤ የቆመ የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «አባቴ፣ የምትቸኩል ከሆነ ቅደመኝ» ይለኛል። ከኋላ ጥቁር ጭስ ይግተለተላል። መንገድ ዳር ጎመን የምትሸጥ ሴት አንድ ቀን ተነስታ የረገመችኝን እርግማን እዚህ አልደግመውም። እውነቷን ነው፤ ጎመኑን ጥላሸት አልብሼባት ሄጃለሁ።

ቤንዚኑማ አይነሳ። ማደያ ተሰልፌ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ጠብቄ የሞላሁት ታንከር ቀኑ ሳይመሽ ያልቃል። ጃኬቴ፣ ሹራቤ፣ ፀጉሬ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጋሼ በመጀመሪያ በደህና ቃል ነበር የሚጠይቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ቤንዚን የት ነው የሚገባው?»

«መኪናዋ ናት ጋሼ። በጭስ እየጨረሰችው ነው።»

«እህ» አሉኝ። ያቺ «እህ» አላማረችኝም።

አንድ ጠዋት አጠና ተራ ላይ፣ ጫኝና አውራጆቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ ጋሼ ጠሩኝ። «እስቲ ወዲህ ቅረብ» አሉኝ። ቀረብኩ። የጃኬቴን ክንድ ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው «ይኸው፤ እሱ ቢዋሽ ጃኬቱ አይዋሽም» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። ሳቅ ደግሞ እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ፤ የጫኑትን አጠና መሬት ጥለው ሆዳቸውን ይዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ማደያው» ሆነ። ገና ከመኪና ስወርድ «ማደያው መጥቷል፣ ሲጋራችሁን አጥፉ» ይባላል። አንዱማ ክብሪት አውጥቶ ጎኔ ላይ እየጫረ ያሾፍብኝ ነበር። ደሜ ፈልቶ አንዱን አጠና ላነሳ ምንም አልቀረኝም። ግን ያሳቀባቸው የሚስቴ አጎት ናቸው፤ በሚስት አጎት ላይ እጅ አይነሳም። ጥርሴን ነክሼ ጭነቴን ጫንኩ።

መኪናዋን ወደ ጋራዡ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ይመርምራትና እውነቱ ይውጣ ብዬ። የጋራዡ ባለቤት ኮልፌ ውስጥ ጆሮው የሚወራለት ሜካኒክ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጥና «ካንዴላ ነው» ይላል። ለቤንዚኑ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታቸው፤ አራቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ቀየራቸው። ለአንድ ቀን ሰው ሆነች፤ በማግስቱ ያው ጩኸት፣ ያው ጭስ። የአየር ማጣሪያውን ቀየረ። ቤንዚን የሚረጩትን ቀዳዳዎች አጠበ። የቤንዚን ፓምፑን አውጥቶ መለሰ። ዳሽቦርዱ ላይ ችግር ሲኖር የሚበራው መብራት አንድም ቀን አልበራም፤ ኮምፒውተሯም ሰላም ነኝ ትላለች። እኔ በየጊዜው አጠገቡ ቆሜ ፊት ፊቱን አያለሁ። ሰውዬው ያቃተውን ነገር አቃተኝ ማለት ሞቱ ነው። በመጨረሻ ጋሼ መጡና «እንዴት ነው ነገሩ?» አሉት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እኔን አንዴም ሳያየኝ፣ እንዲህ አላቸው፦

«መኪናዋ ጤነኛ ናት ጋሼ። አሁን የሚቀረው ሹፌሩን መመርመር ነው።»

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ እኮ። ግድግዳ አይደለሁም። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አልክ?» ስለው «እኔ ሥራዬን ነው የተናገርኩት» ብሎ ከሌላ መኪና ሥር ገባ። ጋሼ ቁልፉን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው እየነዱ ሄዱ። እኔ ጭቃውን እየረገጥኩ በእግሬ ተመለስኩ።

ቁልፉ ለሌላ ሹፌር ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ቤታችን ሲደርስ ሚስቴ ተነሳች። አለቀሰች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ አጎቷ ዘንድ ሄደች፤ ስትመለስ የሽምግልና ቀን ተቆርጦ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ዋጋ አለው፣ የዋህ ነኝ። ሽማግሌ ፊት ቀርቤ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። አልሰረቅሁም፤ ይህን እመኑኝ። ሥራው እንኳን ቢቀር ይቅር፤ ይህችን ካመኑኝ ቀና ብዬ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። ከመስጊዱ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አንድ ወታደር ነበሩ፤ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰንበቴ ደግሞ አንድ ሽማግሌ። ሰፈራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ ሃይማኖት አይለይም፤ በዚህ እንኳን አንታማም። እኔ ተነስቼ ስለ ጭሱ፣ ስለ ካንዴላዎቹ፣ ብቻዋን ስለምትጮኸው ሞተር ማስረዳት ጀመርኩ። ሐጂ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም። እዚህ የሚጣራ ነገር የለም። የምናስታርቀው ሰው ነው ያለን። ትልቅ ሰው አዝኗል። አጥፍቻለሁ በል፣ ጉልበት ሳም፣ ነገሩ ይሙት።»

«ያላጠፋሁትን?»

«አጥፍቻለሁ ያለ ሰው ትንሽ አይሆንም» አሉ ወታደሩ።

ይሄንን ነገር ሌላ አገር ያደገ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ጋ ሽምግልና የሚያልቀው በእውነት አይደለም፤ በይቅርታ ነው። ታናሹ አጠፋሁ ይላል፣ ታላቁ ይቅር ይላል፣ ሁሉም ይመርቃል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት የሚባለውን ቃል ማንም እንደ ምስክርነት አይይዘውም ብዬ ነበር የማምነው። ስንት ሰው ያላደረገውን አጥፍቻለሁ ብሎ ሲታረቅ አይቻለሁ። እኔም ራሴ ሌሎቹን «በል በላት፣ ምን ታደርግሃለች» ብዬ ገፋፍቼ አውቃለሁ።

ሚስቴ ከጓዳ ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «እባክህ አጥፍቻለሁ በልና እንጀራችን አይቆረጥ» አለችኝ። «ቃል ናት እኮ። ምን ትቆጥርብሃለች?»

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ «ጎሽ» አሉ። ለመሳም ጎንበስ ስል ጋሼ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ምን እንዳጠፋ ይናገር» አሉ።

ሐጂን አየኋቸው፤ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወታደሩን አየኋቸው፤ በአገጫቸው «በላት» የሚል ምልክት ሰጡኝ። ሚስቴ በጓዳው በር ሥር ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ያን ጊዜ ጥዬ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። «ቤንዚን ሰርቄአለሁ» አልኩ። ጋሼ ጉልበታቸውን ዘረጉልኝና ሳምኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ ልጅ ይውጣልህ፣ እንጀራህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመርቄ አላውቅም። እንደዚያ ቀንም ተዋርጄ አላውቅም።

ከጋሼ ቤት እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ሚስቴ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ታስባለች ብዬ ተውኳት። የግቢያችን በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ገንዘቡስ?» አለችኝ።

«የምን ገንዘብ?»

«የሸጥከው ቤንዚን ገንዘብ ነዋ። ቤት አልገባም። ለልጆቹ ጫማ ሲጠፋ የለኝም ነው የምትለኝ። የት ነው የገባው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አልሰረቅሁም! አንቺ አይደለሽ እንዴ በል ያልሽኝ?»

«እኔ አጥፍቻለሁ በል አልኩህ። ሰርቄአለሁ ያልከው አንተ ነህ። ሽማግሌ ፊት፣ በአፍህ።»

ከዚያ በኋላ ምንም ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ራሷ አስባ፣ ራሷ ደርሳበት፣ ራሷ ፈረደች። ቤንዚን የሸጠ ገንዘብ አግኝቷል፤ ገንዘቡ ቤት ካልገባ ሌላ ቤት ገብቷል፤ ሌላ ቤት ያለው ሰው ሌላ ሴት አለው። ቢያዩት ስንዝር የምታህል ክፍተት የለውም። ሳሎን ላይ ፍራሽ አነጠፈችልኝ። ምግብ ታቀርባለች፤ አትጎርስም፣ አታጎርስም። ልጆቹ ፊት «ለአባታችሁ ውኃ ስጡት» ትላለች፣ ስሜን ሳትጠራ። በጉርምስናዬ እንኳን ሌላ ሴት ለመያዝ ወኔው አልነበረኝም፤ አሁን በጎልማሳነቴ ያውም በአጠና መኪና ቅምጥ አስቀማጭ ተባልኩ። ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔም ላያት ጓጉቼ ነበር።

ሥራው ተመለሰልኝ። ጋሼ የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ላይ ቁልፍ አስገጠሙና ቁልፉን ራሳቸው ያዙ። ማደያ አብረውኝ ይሄዳሉ፤ ያስሞላሉ፤ ይቆልፋሉ። ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ያልቃል። ያን ጊዜ እንኳን ነገሩ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። በተቆለፈ ታንከር ውስጥ ያለ ቤንዚን ሲያልቅ ሰው ምን ያስባል? ጋሼ ያሰቡት፣ ቁልፉን አስቀርጬ ሁለተኛ ቁልፍ እንዳሠራሁ ነው። ኪሴን ፈተሹ። የመቀመጫውን ጨርቅ ቀደው አዩ። ጫኞቹ «ማደያው ቅርንጫፍ ከፈተ» አሉ።

ክረምቱ ገባ። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎርፉ ከፊት ለፊት በራዲያተሩ በኩል እየገባ ሞተሩን ያጠፋብኝ ነበር። አንድ ቀን ተማርሬ ከአንድ ሱቅ ትልቅ ካርቶን ለመንኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ከራዲያተሩ ፊት አሰርኩት። ሙሉ አጠና ጭኜ ዳገቱን ስጀምር የሙቀቱ መርፌ ከታች ተነሳ። ቱቦው ከፈነዳበት ቀን ወዲህ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። ውኃ ልታፈላ ነው አልኩ። መርፌው ግን መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። መኪናዋ ቀለለችኝ። አናት ላይ ደርሼ ዳር ያዝኩና እግሬን አነሳሁ። ጩኸቷ የለም። የጠፋች መስሎኝ ቁልፉን ልነካ ስል ዳሽቦርዱን አየሁ፤ ሞተሯ እየሠራች ነው፤ ሳትረገጥ የምትሠራበትን ሚኒሞዋን ይዛ፣ ሳትወጣ ሳትወርድ፣ እንደ አዲስ መኪና። ዝናቡ ውስጥ ወርጄ ከኋላ ዞርኩ። ጭስ የለም።

ካርቶኑን ፈታሁት። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ፤ ትንሽ ቆይቶ ያ የተረገመ ጩኸት ተመለሰ፤ ጭሱም ተከተለ። መልሼ አሰርኩት፤ ዝም አለች። ፈታሁት፤ ጮኸች። በስብሼ፣ እንደ እብድ ካርቶን እያሰርኩና እየፈታሁ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ አለቀስኩ። አልሰረቅሁም፤ ይኸው። አፈር ልብላ አልሰረቅሁም። ከራሴ ሌላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም እንጂ እሪ ብዬ ነበር የማወራው።

ጭነቱን እንኳን ሳላራግፍ ጋራዡ ሄድኩ። ለሜካኒኩ ካርቶኑን አስሬ አሳየሁት፤ ፈትቼ አሳየሁት። ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ተጠቀመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌውን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ቴርሞስታት እኮ የላትም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምን ማለት ነው የላትም?»

«እኛ ነን ያወጣነው። ውኃ ያፈላች ጊዜ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት የምትባለው ትንሽ ክዳን ናት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የምትዘጋ። እኛ ሰፈር መኪና አንዴ ውኃ ካፈላ ሜካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው እሷን አውጥቶ መጣል ነው። ደንበኛውን አይጠይቅም፣ አይነግርም፤ እንደ ውለታ ነው የሚቆጠረው። በድሮዎቹ መኪኖች ብዙም አያስታውቅም ነበር። ይቺኛዋ ግን ኮምፒውተር አላት። ውኃው ካልሞቀ ኮምፒውተሯ ሞተሩ አሁን ከእንቅልፉ የተነሳ ይመስላታል፤ እንዲሞቅ ብላ ቤንዚን ታበዛለች፤ አየሩንም ትከፍታለች። ሞተሩ ይጮኻል። እግሬ ከመርገጫው ላይ ተነስቶ ሲጮህ ደግሞ ቤንዚኑን ቁርጥ ታደርገዋለች፤ ሊጠፋ ሲል መልሳ ትለቅቃለች። ይሄንን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ያውም እንደሚያውቀው ሰው ዘና ብሎ። ለካ ያውቃል። ጆሮውን ከማመን ብዛት አስቦት አያውቅም እንጂ።

«ለጋሼ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ከአንድ ከተፈታ ሞተር ላይ ቴርሞስታት አውጥቶ ገጠመልኝ። መኪናዋ ዳነች።

እንደምታስቡት ደስ ብሎኝ ነበር። መብራት ላይ ስቆም ሞተሯ ድምፅ አታሰማም። የሞላሁት ቤንዚን ውሎ ያድራል፣ አድሮም ይውላል። ጃኬቴ መሽተቱን ተወ። ጋሼ ራሳቸው መጥተው ይቅርታ የሚጠይቁኝን ቀን ስጠብቅ፣ ምን እንደምመልስላቸው በልቤ እያዘጋጀሁ፣ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ጋሼ ጠሩኝ፤ እዚያው ተራው ላይ፣ እዚያው ጫኞቹ ፊት። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አያችሁ?» አሏቸው። «ሰው ሲመከር ይመለሳል። ስርቆቱን ሲተው ቤንዚኑ በረከተ። እኔ ይሄን ልጅ ተስፋ አልቆርጥበትም ብዬ ነበር።»

ለቅጽበት ምን እንዳሉ አልገባኝም። ሲገባኝ «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱ ነው እኮ» ብዬ ጀመርኩ፤ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ መርፌው። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። «ያለፈውን አናንሳ።» አልለቅ ስላቸው ስልካቸውን አውጥተው ሜካኒኩ ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሁሉ ሰው እየሰማ።

«መኪናዋማ ድሮም ጤነኛ ነበረች ጋሼ» አለ ሰውዬው። «ያው አንድ አንድ ነገር ነካ ነካ አድርገንላታል።»

ቴርሞስታቱን እኔ አወጣሁት ቢል፣ ያ ሁሉ ጊዜ የጠፋው ቤንዚን በእሱ ላይ ይመጣል። በእኔ ላይ ቢሆን ግን ለሱ ምኑ ነው? እኔማ አምኜአለሁ፣ ተቀጥቻለሁ፣ ተመርቄአለሁ። ጫኞቹ «ማደያው ተዘጋ» ብለው ሳቁ።

ሐጂ ዘንድ ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ አልዋሽም። ወንበር ሰጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ከዚያ ጨርቃቸውን እያጠፉ «ልጄ፣ ይቅር የተባለ ነገር ለምን ትቆፍራለህ?» አሉኝ።

«አልሰረቅሁም ሐጂ። እርስዎ እንኳን ይመኑኝ።»

«ካልሰረቅህ እኛ ፊት ዋሽተሃል። ምርቃታችንን በውሸት ነው የተቀበልከው። የትኛው ይሻልሃል? የተመለሰ ሌባ ነው ወይስ ሽማግሌ ያታለለ ሰው?»

በቁጣ አልተናገሩኝም እኮ፤ በሐዘኔታ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። ቴርሞስታቱን ላውጣው፤ ጭሱም ጩኸቱም ይመለስ፤ ያኔ ያምኑኛል አልኩ። ከዚያ ነቃሁ። ባወጣው ቤንዚኑ እንደገና ያልቃል፤ ቤንዚኑ ካለቀ እንደገና ሰረቀ ይባላል። ባልነካው ደግሞ ሞተሯ ደህና በሄደች ቁጥር ሌብነቴ እየተመሰከረ ይሄዳል። በየትም ብዞር መውጫ የለውም። በዚያች መኪና ላይ ያለኝ ጥላቻ ያን ቀን ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ጤነኛ ሆና ስትነሳ አንጀቴ ያርራል።

ጋሼ መመለሴን ለሚስቴም ነግረዋት ኖሯል። በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። የሳሎኑን ፍራሽ ጠቅልላ አነሳችው። ጃኬቴን አጠበችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ምሳ ላይ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ልጆቹን ቀድማ አብልታ ጎረቤት ልካቸዋለች። አጠገቤ ተቀመጠችና አጎረሰችኝ። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ የእጇ ጉርሻ።

«ጋሼ ሁሉንም ነግሮኛል» አለችኝ። «ጃኬትህንም አሸተትኩት። ምንም የለውም።»

ያጎረሰችኝን በውኃ አወረድኩት።

«ተውካት አይደል?»

ስለ ክዳኗ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ዝናቡ እንደገና ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ነግሬያት ነበር እኮ፤ ደጋግሜ ነግሬያት «እናንተ ሹፌርና ሜካኒክ አንድ ናችሁ» ነበር ያለችኝ። ዓይኗን አየሁ። ሚስቴ ናት፤ ናፍቃኛለች፤ ከሳሎን ፍራሽ ላይ ሆኜ ጀርባዋን ሳይ የከረምኩ ሰው ነኝ። እውነቱን ብነግራት ፍራሹ ይመለሳል። ደክሞኛል።

«ተውኳት» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጭልፋውን አንስታ ወጥ ጨመረችልኝ። እንቁላሉንም ለእኔ አወጣችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ ሳትቆጣ፣ እንደ እህት፣ «ማን ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ።